የሚጋጩና የማይታረቁ ነገሮች በእንግሊዝኛ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአማርኛ መኪና ይጋጫል፣ ሰው ይጋጫል፣ ቀጠሮ ይጋጫል፣ ሐሳብ ይጋጫል፣ ሁለት ሰነድም ይጋጫል። እንግሊዝኛ ግን ለእያንዳንዱ ሌላ ሌላ ቃል አለው። በትርጉም ሥራና እንግሊዝኛ በማስጠናት ላይ ሳለሁ ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ስለነዚህ ቃላት ነው። ስለዚህ ጥያቄዎቹን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ቃላቱን በድምፃቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። መዝገበ ቃላት ከመክፈታችሁ በፊት ምን ከምን ጋር እንደተጋጨ ለዩ። ንግግር ከንግግር ነው? ቁጥር ከቁጥር? ሕግ ከሕግ? ዕቃ ከዕቃ? ከዚያ ቀጥላችሁ ነገሩ ይታረቃል ወይስ አይታረቅም ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህን ሁለቱን ከመለሳችሁ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይመጣል።

አንድ ቃል ብቻ ልያዝ ብል የቱ ይሻላል?

«ኮንፍሊክት»። ለሰፊው ነገር ሁሉ ይሆናል። የፍላጎት፣ የሐሳብ፣ የቀጠሮ፣ የጦርነት ግጭት ሁሉ በእሱ ይነገራል። ዜና ላይ ብቻውን ከመጣ ግን ብዙ ጊዜ የጦር መሣሪያ ያለበት ግጭት ማለት ነው። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር በአጥር ምክንያት ለተነሳ አለመግባባት «ኮንፍሊክት» ብትሉ ነገሩን ታከብዱታላችሁ። ለዚያ «ዲስፒዩት» ይበቃል።

አነጋገሩንም ልብ በሉ። ስም ሲሆን ድምፁ የሚጠነክረው መጀመሪያው ላይ ነው፣ «ኮን» ላይ። ግሥ ሲሆን መጨረሻው ላይ፣ «ፍሊክት» ላይ ነው። ሥራ ቦታ ስብሰባ ሲደራረብባችሁ «አይ ሃቭ ኤ ኮንፍሊክት» ብትሉ ማንም ጠብ አይመስለውም። «በዚያ ሰዓት ሌላ ቀጠሮ አለኝ» ማለት ነው። እንግሊዞች ለቀጠሮና ለፈተና ሰዓት መደራረብ «ክላሽ»ንም ይወዳሉ። ለማይሄዱ ቀለሞችም እንዲሁ።

«ኮንትራዲክት»ስ? ከ«ኮንፍሊክት» በምን ይለያል?

«ኮንትራዲክት» የንግግር ቃል ነው። ከላቲን ሲመጣም «ተቃውሞ መናገር» ማለት ነበር። አንዱ የተናገረውን ሌላው «አይደለም» ሲል፣ ወይም አንድ ሰው ዛሬ ያለውን ነገ ሲያፈርስ ነው ቦታው። ምስክር «ቤት ነበርኩ» ብሎ ቆይቶ «መርካቶ ነበርኩ» ካለ ራሱን ኮንትራዲክት አደረገ። እኛም «እርስ በርሱ ይጣረሳል» የምንለው ይህንን ነው።

ሁለት ፍላጎቶች ግን ኮንትራዲክት አይደራረጉም። ልጄ ሐኪም እንድትሆን እፈልጋለሁ፣ እሷ ሥዕል ትፈልጋለች። እዚህ ውሸት የሆነ ንግግር የለም። ፍላጎታችን ኮንፍሊክት ነው ያደረገው። የእውነትና የውሸት ጉዳይ ከሆነ «ኮንትራዲክት»፣ የፍላጎትና የጥቅም ከሆነ «ኮንፍሊክት» በሉ። ማስረጃ፣ ዘገባ ወይም የጥናት ውጤት ሲሆን ሁለቱም ይሄዳሉ። «ኮንትራዲክት» ግን ይከብዳል፤ አንዱ እውነት ከሆነ ሌላው ሊሆን አይችልም የሚል ክስ አለበት።

«ኮንትራዲክት ዊዝ» ብዬ ጻፍኩ፣ ታረመብኝ። ለምን?

አማርኛችን ገብቶበት ነው። እኛ «ከዚህ ጋር ይቃረናል» እንላለን፣ ስለዚህ «ዊዝ» መጨመር ተፈጥሯዊ ይመስለናል። «ኮንትራዲክት» ግን ምንም መስተዋድድ አይፈልግም። ቀጥታ ነው የሚጋጨውን የሚያነሳው፦ «ዚስ ኮንትራዲክትስ ዛት» ብቻ። ብዙ ዓመት እንግሊዝኛ የጻፉ ሰዎች ሳይቀሩ የሚሳሳቱበት ስለሆነ በደንብ ያዙት።

ሌሎቹ ደግሞ የየራሳቸው አላቸው። «ኮንፍሊክት»፣ «ክላሽ»፣ «ኢንኮምፓቲብል»፣ «ኢንኮንሲስተንት» እና «አት ኦድስ» (የማይስማማ ማለት ነው) ሁሉም «ዊዝ» ይከተላቸዋል። «ኮንትራሪ» ግን «ቱ» ነው። «ዲስክሬፓንሲ» በሁለት ነገሮች መካከል ሲሆን «ቢትዊን»፣ በአንድ መዝገብ ውስጥ ሲሆን «ኢን» ይላል።

ፓስፖርቴና የልደት ሰርተፊኬቴ ላይ ያለው የትውልድ ዓመት ይለያያል። ለኤምባሲ ስጽፍ የትኛውን ቃል ልጠቀም?

«ዲስክሬፓንሲ»። ይህን ጥያቄ ሰፋ አድርጌ ልመልስ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጎዳበት ቦታ ነው።

«ዲስክሬፓንሲ» ማለት እኩል መሆን የነበረባቸው ሁለት መረጃዎች ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው። ማን እንዳጠፋ አይናገርም፣ ማንንም ውሸታም አይልም። «ልዩነት አለ፣ ምክንያቱም ይኸው» ብሎ ለማስረዳት በር ይከፍታል። «ኮንትራዲክሽን» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን በራሳችሁ ላይ ከባዱን ቃል መረጣችሁ ማለት ነው። ሰነዶቼ እርስ በርሳቸው ይካካዳሉ እንደማለት ነው።

የእኛ ሰው ሰነድ ላይ ዲስክሬፓንሲ የሚበዛው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። አንድ ሰው በ1985 ዓ.ም. ተወለደ እንበል። ልደቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ጊዜ ከሆነ በፈረንጅ አቆጣጠር 1992 ነው። ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ከሆነ 1993 ይሆናል። አንዱ ጸሐፊ 7 ይደምራል፣ ሌላው 8 ይደምራል፣ ሦስተኛው ምንም ሳይደምር እንዳለ ይገለብጠዋል። ሦስት ሰነድ፣ ሦስት ዓመት! ማንም ግን አልዋሸም።

ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። ጸሐይ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት ተጽፎ አይታችኋል? በዚያ ላይ የእኛ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጠር ባልና ሚስት፣ አያትና የልጅ ልጅ በተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይመዘገባሉ። ይህንን ለማያውቅ ሠራተኛ ቤተሰብ አይመስሉትም።

ስለዚህ ደብዳቤያችሁ ላይ ቃሉን አስቀምጡና ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስከትሉ፦ ልዩነቱ የመጣው ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደ ጎርጎርዮሳዊው ሲለወጥ ነው፣ ትክክለኛው ቀን ይኸኛው ነው፣ ማስረጃውም ተያይዟል። ከዚህ በላይ አታብዙ።

ታዲያ «ኢንኮንሲስተንት» የሚሉትስ? የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ላይ ሁልጊዜ ይሰማል።

«ኢንኮንሲስተንት» አብሮ የማይቆም ማለት ነው። አንድ ታሪክ በተለያየ ጊዜ ሲነገር ክፍሎቹ ካልገጠሙ «ኢንኮንሲስተንት» ይባላል። ከ«ዲስክሬፓንሲ» የሚከብደው ሰውየውን ስለሚነካ ነው። ሰነድ ላይ ዲስክሬፓንሲ አለ ይባላል፣ ምስክርነት ግን ኢንኮንሲስተንት ነው ይባላል። ሁለተኛው ወደ ተአማኒነት ይወስዳል።

አሜሪካ ውስጥ ቃሉ ሕግ ውስጥ የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሪል አይዲ የሚባለው ሕግ፣ የጥገኝነት ጥያቄ የሚያይ ዳኛ አለመጣጣሙ የጉዳዩ ዋና ነጥብ ላይ ባይሆንም እንኳ አመልካቹን ላለማመን ሊጠቀምበት እንደሚችል ይናገራል። ዳኛው ሁኔታውን በሙሉ ማየት አለበት ይላል፣ ግን ትንሿ አለመጣጣምም ትቆጠራለች ማለት ነው። «ነሐሴ መጨረሻ» ያለውን አስተርጓሚው «ኦገስት መጨረሻ» ብሎ ቢያልፈው እንኳ ችግር ሊሆን ይችላል። ነሐሴ ሲያልቅ በፈረንጁ ሴፕቴምበር ገብቷል። ስለዚህ ቀን ስትናገሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብራችሁ ተናገሩ፣ አስተርጓሚውም እንዲናገር ጠይቁ። አንድ ሰው ሕይወቱን ይዞ በቀረበበት ቦታ የወር ስም መፍረድ የለበትም።

የውጫሌ ውል የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቅጂ ተለያየ ሲባል በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

በጣም የምወደው ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም ሦስት ቃላት በአንድ ታሪክ ይገባሉ።

ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ተፈረመ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ ይቻላቸዋል ይላል። በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆነ። በዚያ ላይ ተመርኩዛ ጣሊያን ኢትዮጵያን በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። ምኒልክ ውሉን ሰረዙ፣ መጨረሻውም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ሆነ።

የታሪክ ጸሐፊ ስለ ሁለቱ ጽሑፎች ሲያወራ «ዲስክሬፓንሲ» ሊል ይችላል። ሁለቱ ቅጂዎች አንድ መሆን ነበረባቸውና አልሆኑም። ቃሉ ትክክል ነው፣ ለእኔ ግን በጣም ለስላሳ ነው። ስለ ይዘቱ ሲያወራ ሁለቱ ኮንትራዲክት ያደርጋሉ ማለት አለበት። «ብትፈልግ ትችላለህ» እና «የግድ ነው» አንድ ላይ እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ስለ ሁለቱ መንግሥታት አቋም ሲያወራ ደግሞ «ኢሬኮንሳይለብል» ይላል፣ የማይታረቅ። ነጻ አገር መሆንና በሌላ ጥበቃ ሥር መሆን በምንም አተረጓጎም አይገናኝምና።

ዓለም አቀፍ ሕግ ይህን ዓይነት ነገር የሚያስተናግድበት መንገድ አለው። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የቪየና የውሎች ሕግ ስምምነት አንቀጽ 33 ስለዚህ ይናገራል። በተለያየ ቋንቋ የተጻፉና እኩል ተቀባይነት ያላቸው ቅጂዎች ሲለያዩ፣ ሌላው የአተረጓጎም መንገድ ካልፈታው፣ የውሉን ዓላማ ተመልክቶ ሁለቱን ይበልጥ የሚያስታርቀው ትርጉም ይወሰዳል ይላል። እንግሊዝኛው እዚያ ቦታ ላይ የሚጠቀመው «ሪኮንሳይል» የሚለውን ግሥ ነው። ሽማግሌ የሚሠራውን ሥራ ለጽሑፍ ሰጡት።

የእኛ ሕገ መንግሥት ደግሞ አጭሩን መንገድ መረጠ። አንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። እንግሊዝኛው ከተለየ አማርኛው ይገዛል። እኔ ይህን እወዳለሁ። ውጫሌን የሚያስታውስ አገር እንዲህ ነው መጻፍ ያለበት።

«ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ሕግ» ለማለትስ?

እዚህ አገር ለአገር ይለያያል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 «የሚቃረን» ያለውን እንግሊዝኛው ቅጂ «ኮንትራቪን» በሚለው ግሥ አስቀምጦታል። «ኮንትራቪን» ሕግ፣ ደንብና ውል መጣስን ነው የሚናገረው። የኬንያና የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታት «ኢንኮንሲስተንት ዊዝ» ይላሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1803 ማርበሪና ማዲሰን በተባለው ጉዳይ «ሪፐግናንት ቱ» ብሎ ነበር፣ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጻረር ሕግ ዋጋ የለውም ሲል። ዛሬ «ሪፐግናንት» ከፍርድ ቤት ውጪ «አስጸያፊ» ማለት ሆኗል። ስለዚህ ለጓደኛችሁ ሐሳብህ ከእኔ ጋር ይቃረናል ለማለት እንዳትጠቀሙበት፣ ይቀየማችኋል።

«ኢንኮምፓቲብል» መቼ ነው?

አብሮ መኖር፣ አብሮ መሥራት ለማይችሉ ነገሮች። ሁለቱም ለየብቻቸው ጥሩ ናቸው፣ ችግሩ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። የስልክና የቻርጀር፣ የሶፍትዌርና የኮምፒውተር፣ የሰውና የሰው ጸባይ በዚህ ይነገራል። ኮምፓቲብል የፕሪንተር ቶነር የሸጠላችሁ ሰው «ከማሽንህ ጋር ይግባባል» ማለቱ ነው።

ቃሉ ይበልጥ የሚከብደው ሕክምና ውስጥ ነው። ካርል ላንድስታይነር እ.ኤ.አ. በ1901 የደም ዓይነቶችን ለይቶ ካሳየ በኋላ ደም ከመስጠት በፊት «ኮምፓቲብል ነው?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ሆነ። የኤ ደም ላለው ሰው የቢ ደም ቢሰጠው ሰውነቱ የተሰጠውን ደም ያጠቃል፣ ሊሞትም ይችላል። የቢው ደም ግን ምንም ጉድለት የለበትም።

እናቶቻችን ሾተላይ የሚሉት ነገርም በእንግሊዝኛ «አርኤች ኢንኮምፓቲቢሊቲ» ይባላል። የእናትየው ደም አርኤች ኔጌቲቭ ሆኖ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፣ የሚቀጥሉት ይጎዳሉ። ዛሬ አንቲ ዲ የሚባለው መርፌ በጊዜው ከተሰጠ ይከላከለዋል። የእንግሊዝኛው ቃል አንድ መልካም ነገር አለው፦ ማንንም አይወቅስም። ልጆቿን በተከታታይ ላጣች ሴት «እርግማን ነው» ከሚላት ይልቅ «ደማችሁ አልተጣጣመም» የሚላት ይሻላታል። ነፍሰ ጡር የሆነ ሰው ካላችሁ የደም ዓይነቷን እንድታስመረምር ንገሯት።

የመድኃኒት ወረቀት ላይ ያለው «ኮንትራኢንዲኬሽን» ከዚህ ጋር ይያያዛል?

ይቀራረባሉ፣ ግን አንድ አይደሉም። «ኢንኮምፓቲብል» ሁለት መድኃኒቶች ሲቀላቀሉ የሚሆነውን ይናገራል። «ኮንትራኢንዲኬሽን» ደግሞ መድኃኒቱ መሰጠት የሌለበትን ሁኔታ ወይም ሰው ይናገራል። ሴፍትሪያክሶን የሚባለው መርፌ ካልሲየም ካለበት ግሉኮስ መሰል ፈሳሽ ጋር ሲገናኝ ይረጋል፣ ስለዚህ ኢንኮምፓቲብል ናቸው። በዚህም ምክንያት ካልሲየም በደም ሥር ለሚሰጠው ጨቅላ ሕፃን ኮንትራኢንዲኬትድ ነው፣ ማለትም አይሰጥም። ወረቀቱ ላይ ይህን ቃል ካያችሁ አትለፉት። ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

የማይታረቅ ለማለት «አንሬኮንሳይልድ» ነው ወይስ «ኢሬኮንሳይለብል»?

ሁለቱም አሉ፣ ልዩነታቸው ትልቅ ነው። «አንሬኮንሳይልድ» ገና ያልታረቀ ነው። «ኢሬኮንሳይለብል» ሊታረቅ የማይችል ነው። ሂሳብ የሠራ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳል። በወሩ መጨረሻ የድርጅቱ መዝገብና የባንኩ መግለጫ አይገጥሙም። ቼክ ተጽፎ ገና አልተመነዘረም፣ ወይም የገባ ገንዘብ ባንኩ ገና አልመዘገበውም። እነዚህን አንድ በአንድ ለይቶ ሁለቱን ማገናኘት ባንክ ሪኮንሲሌሽን ነው፣ የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ። ያልተገናኘው ሂሳብ አንሬኮንሳይልድ ነው፣ ሥራ ይቀረዋል እንጂ ተስፋ አልተቆረጠበትም። ለአለቃችሁ «ሂሳቡ ኢሬኮንሳይለብል ነው» ካላችሁት ይደነግጣል።

ትዳር ውስጥ ግን «ኢሬኮንሳይለብል ዲፈረንስስ» የታወቀ የሕግ አነጋገር ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣችው ሕግ የማንንም ጥፋት ሳያረጋግጡ መፋታትን ፈቀደች። የፈረሙት በወቅቱ ገዢ የነበሩት ሮናልድ ሬገን ናቸው፣ ሥራ ላይ የዋለውም ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ለመፋታት አንዱ ሌላውን መክሰስ ነበረበት። አዲሱ አነጋገር «የማይታረቅ ልዩነት አለን» ብቻ ብሎ መሄድን አስቻለ። ስለዚህ አሜሪካ ያላችሁ ሰዎች የፍቺ ወረቀት ላይ ይህን ስታነቡ የተሰወረ ወንጀል አትፈልጉ። የተለመደ ቃል ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ «እንዴት አይታረቅም ይላሉ!» ብሎ የሚቆጣበት ነገር አይደለም። ሰዎቹ ሽማግሌ አንቀበልም ማለታቸውም አይደለም፤ የሕጉን ሳጥን ነው የሞሉት።

«ሪኮንሳይል» ሌላም ትርጉም አለው። «ሪኮንሳይል ዋንሰልፍ ቱ» ሲባል የማይወዱትን ነገር እያዘኑ መቀበል ነው። እዚህ ጋ ማንም አልተጣላም። ስትተረጉሙ «ታረቀ» ካላችሁ ይበላሻል፣ «እያቃረው ተቀበለው» ይቀርበዋል።

ፓራዶክስ ምንድነው? ከኮንትራዲክሽን ጋር አንድ አይደለም እንዴ?

ፓራዶክስ የሚጣረስ የሚመስል ነገር ነው፣ ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን እውነት የያዘ፣ ወይም ጨርሶ የማይፈታ። የሥነ ጽሑፍ ሰዎቻችን «አያዎ» ብለውታል። «አይ»ና «አዎ»ን አጣብቀው የሠሩት ቃል ነው፣ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ግልጽ ይመስለኛል።

የታወቀው ምሳሌ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። ቲቶ ምዕራፍ 1 ቁጥር 12 ላይ ከቀርጤስ ሰዎች አንዱ «የቀርጤስ ሰዎች ዘወትር ውሸተኞች ናቸው» አለ ይላል። እሱ ራሱ የቀርጤስ ሰው ነው። እውነት ከተናገረ ዋሽቷል ማለት ነው። እንዲያውም ለጥንቃቄ፣ ንግግሩ ዝም ብሎ ውሸት ሊሆንና አንድ እውነተኛ የቀርጤስ ሰው ሌላ ቦታ ሊኖር ስለሚችል ጨርሶ የማይፈታ አይደለም። የማይፈታው «ይህ ዓረፍተ ነገር ውሸት ነው» የሚለው ነው። እውነት ካላችሁት ውሸት ይሆናል፣ ውሸት ካላችሁት እውነት ይሆናል።

በተራው አነጋገር ግን እንግሊዝኛ ፓራዶክስን የሚጠቀመው ለሚያስገርም እውነታ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ የውሃ ማማ የምትባለው አገር ውስጥ ውሃ በጀሪካን የሚጠብቅ ከተማ መኖሩ ፓራዶክስ ነው። ኮንትራዲክሽን አይደለም፣ ሁለቱም እውነት ናቸውና።

አንድ ልጨምር። ምሳሌ 26 ቁጥር 4 ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት ይላል። ቁጥር 5 መልስለት ይላል። ተከታትለው የተጻፉት ሳይታወቅ አይመስለኝም። እንግሊዝኛ ለዚህ «አፓረንት ኮንትራዲክሽን» ይላል፣ ተቃርኖ የሚመስል። «አፓረንት» የምትለዋ ቅጽል ታላቅ ትሕትና አላት። ይጋጫል ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ተጠቀሙባት።

ኦክሲሞሮንስ?

ሁለት የማይሄዱ ቃላት ሆን ተብሎ ጎን ለጎን ሲቀመጡ። «የአደባባይ ምስጢር» ኦክሲሞሮን ነው። «የቁም ሙት»ም ነው። ፓራዶክስ ሐሳብ ነው፣ ኦክሲሞሮን የሁለት ቃል ጥምረት ነው። ከዚህ በላይ አያስቸግርም።

ዲለማና «ሚውቹአሊ ኤክስክሉሲቭ» የሚባሉትስ?

ዲለማ አጣብቂኝ ነው። ሁለት ምርጫ፣ ሁለቱም የሚያስከፍል። ዝም ብሎ «ችግር» ለማለት አትጠቀሙበት። «ሚውቹአሊ ኤክስክሉሲቭ» ደግሞ አንዱ ከሆነ ሌላው የማይሆን ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም የምንለው። የስታቲስቲክስ ተማሪ ሳንቲም ሲወረወር አንበሳና ሰው ባንድ ጊዜ አይወጡም ብሎ ይማረዋል። ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ግን በአሉታ ነው፦ ሥራና ትምህርት ሚውቹአሊ ኤክስክሉሲቭ አይደሉም፣ ሁለቱንም ማድረግ ትችላለህ።

ሎጂክ ኮርስ ላይ «ኮንትራሪ»ና «ኮንትራዲክተሪ» ተለያዩብኝ።

የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሁሉ የሚጨነቁበት ነው። ልዩነቱን ያመጣው አርስቶትል ነው፣ በምሳሌ ሲታይ ይቀላል።

«ሁሉም ተማሪ አለፈ» እና «ማንም ተማሪ አላለፈም» የሚሉትን ውሰዱ። ሁለቱም አንድ ላይ እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ግን ሁለቱም ውሸት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ግማሹ አልፎ ግማሹ ከወደቀ። እነዚህ ኮንትራሪ ናቸው።

አሁን «ሁሉም ተማሪ አለፈ» እና «ቢያንስ አንድ ተማሪ አላለፈም» የሚሉትን ተመልከቱ። አንዱ እውነት ከሆነ ሌላው የግድ ውሸት ነው፣ አንዱ ውሸት ከሆነ ሌላው የግድ እውነት ነው። መሃል ላይ የሚቆም የለም። እነዚህ ኮንትራዲክተሪ ናቸው።

ይህ ከፈተና ውጪም ይጠቅማል። አንድ ሰው «መንግሥት የሚሠራው ሁሉ ጥሩ ነው» ቢል ለመቃወም «የሚሠራው ሁሉ መጥፎ ነው» ማለት አያስፈልግም። ያ ኮንትራሪው ነው፣ ሁለታችሁም ልትሳሳቱ ትችላላችሁ። ኮንትራዲክተሪው «ጥሩ ያልሆነ አንድ ነገር ሠርቷል» የሚለው ነው። አንዷን አሳይቶ መርታት ይቻላል። ፌስቡክ ላይ የምናየው ጭቅጭቅ አብዛኛው ኮንትራሪ በኮንትራሪ ነው። እኔን ያሳዝነኛል፣ ሁለቱም ወገን ሳያስፈልገው ሊያስረዳ የማይችለውን ነገር ይሸከማልና።

«ኦን ዘ ኮንትራሪ»ና «ኦን ዚ አዘር ሃንድ» አንድ ናቸው?

አይደሉም፣ በድርሰት ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስቀንስ ስህተት ነው። «ኦን ዘ ኮንትራሪ» የተባለውን ሐሰት ነው ብሎ ይጥላል። «ፈተናው ከበደህ?» ሲባል «ኧረ በጭራሽ፣ እንዲያውም ቀላል ነበር» ማለት። «ኦን ዚ አዘር ሃንድ» ግን ምንም አይጥልም፣ ሌላውን ጎን ይጨምራል። አዲስ አበባ መኖር ውድ ነው፣ በሌላ በኩል ግን ሥራ ይገኛል። ሁለቱም እውነት ነው። እዚህ ላይ «ኦን ዘ ኮንትራሪ» ብትሉ ውድ መሆኑን ካዳችሁ።

«ኮንፍሊክት ኦፍ ኢንተረስት» አለብህ ተባልኩ። ከማንም ጋር አልተጣላሁም።

መጣላት አይደለም። የጥቅም ግጭት ማለት አንድ ሰው ሁለት ታማኝነት አንድ ላይ ሲኖረው ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ጨረታ የሚገመግም ሰው ወንድሙ ተጫራች ከሆነ፣ ምንም ባያጠፋም ግጭቱ አለ። ቃሉ የሚናገረው ስለ ቦታችሁ ነው፣ ስለ ጸባያችሁ አይደለም። መፍትሔውም መማል መገዘት ሳይሆን አስቀድሞ ማሳወቅና ከውሳኔው ወንበር መነሳት ነው። አለብህ ሲባል ብዙ ሰው እንደ ስድብ ቆጥሮ ይቆጣል። አትቆጡ። ቢሮው የጠየቀው ስማችሁን ለማጥፋት አይደለም።

አለቃዬ የጻፈው እርስ በርሱ ይጋጫል። ሳላስቀይም እንዴት ልንገረው?

«ዩ አር ኮንትራዲክቲንግ ዩርሰልፍ» አትበሉ። ትክክል ቢሆንም ፊት ለፊት ጥፊ ነው። ሰውየውን ከዓረፍተ ነገሩ አውጡት። ከሁለት አንዱን ምረጡ። አንደኛው «ዜር ሲምስ ቱ ቢ ኤ ዲስክሬፓንሲ ቢትዊን» ብሎ ገጽ 3ና ገጽ 7ን መጥራት ነው፣ ልዩነት ያለ ይመስላል ማለት። ሁለተኛው «አይ አም ሃቪንግ ትራብል ሪኮንሳይሊንግ» ነው። ሁለቱን ማስታረቅ አቃተኝ፣ ያግዙኝ ማለት ነው። ይህኛው ከእኛ ባህል ጋር ይስማማል። ታላቅን «ተሳስተዋል» ከማለት «አልገባኝም፣ ያስረዱኝ» እንላለን አይደል? «አት ኦድስ ዊዝ» ደግሞ መካከለኛ ነው። ለዘገባ ይሆናል፣ ለደብዳቤ ትንሽ ይቀዘቅዛል።

ገጽና መስመር መጥቀሱን ግን አትርሱ። ቃሉ የቱንም ያህል ቢለሳለስ የሚጋጩት ሁለት ቦታዎች ካልተጠቆሙ አለቃው ማረም አይችልም።